ኦሪት በጋይንት አውድማ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ተራራ ግርጌ እየታከከ ወደ ንፋስ መውጫ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ጉዞው በቅዳሜ ቀን የዋለ እንደ ሆነ፣ ወራቱ የእርሻ ወራት፣ ዝናሙም ለዘር የተመቸ ሆኖ ሳለ፣ ሞፈርና ቀንበር ከግድግዳ ተደግፎ፣ በሬዎቹም በግጦሽ መስክ ተኝተው ሲያመሰኩ ያያል። ይህ ሕዝብ ክርስቲያን ከሆነ እሑድን ማክበር ስለ ምን አልበቃውም ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ግን ጥያቄውን ሲሰማ ይደነቃል እንጂ አይቈጣም፤ ለእርሱ ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት፣ እሑድም ሰንበተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ሁለቱንም ከአባቶቹ እጅ በአንድነት ተቀበላቸው እንጂ፣ አንዲቱን ከሙሴ ሌላይቱን ከክርስቶስ ብሎ ለይቶ አልያዛቸውም።

ይህ ነገር ለሊቃውንት የሚተው እንጂ ለጋዜጣ የሚበቃ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ ክርክሩ ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ በገበያም፣ በመንገድም፣ በየቤቱም ገብቶአል። አንደኛው ወገን፣ ክርስቶስ ሕግን ስለ ፈጸመ ኦሪት ተሽራለች፣ ስለዚህ ቅዳሜን የሚያከብር፣ ልጁን በስምንተኛው ቀን የሚገርዝ፣ የዐሣማ ሥጋ የማይበላ ሁሉ ወደ አይሁድ ልማድ የተመለሰ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በቍጥር ጥቂት ቢሆንም፣ ጌታ ሕግን ልሽር አልመጣሁም ማለቱን ይዞ፣ ኦሪትን እስከ ጥቃቅኗ ያልፈጸመ ክርስቲያን አይድንም እስከ ማለት ይደርሳል። እኔ ሁለቱም ስተዋል ባይ ነኝ። መልሳቸው ብቻ ሳይሆን ጥያቄያቸው ራሱ ከሰፊው ኦሪት ጥቂቱን ቈንጽሎ ብዙውን የጣለ ነውና።

አስቀድሞ ግን አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ስደትና ግዝት እየተቀበሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ደም እየፈሰሰበት እንደ መረመሩት ማስታወስ ይገባል። (ከዚህ በታች የማነሣቸው የጥንት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው ስላስተማሩ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ሀገራቸውን ትተው ወጡ፤ በአርመን ምድርም ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ማዕርግ ተከልክለው፣ ከቤተ መንግሥትም ርቀው ብዙ ዘመን ከቈዩ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው፣ ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት፣ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወሰነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ውሳኔው ያለ ዕውቀት ከቈየ ልማድ የመጣ አለመሆኑ ነው። የእስክንድርያ መንበር ራሱ የማያዝዘውን ሥርዐት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ የተባሉትን የሥርዐት መጻሕፍት አገላብጠው፣ ተከራክረው፣ ተሰድደው ያጸኑት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህን ሁሉ ድንቍርና ነው ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፈው፣ የሚንቀው ገበሬውን ብቻ ሳይሆን የአንድ ምእት ዓመት ሙሉ ጉባኤና ትምህርት ነው።

ከዚህ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ኢትዮጵያውያንን የአይሁድ ሥርዐት ትጠብቃላችሁ ብለው በከሰሱ ጊዜ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ሃይማኖታቸውን የሚገልጽ አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ፤ በዚህ ነገር ከተጻፉት ሁሉ ከዚህ የጠራ መልስ አላየሁም። ንጉሡ ሲያስረዱ፣ ሰንበትን የምናከብራት ውሃ እንደማይቀዱባት፣ እሳት እንደማያነድዱባት፣ እንጀራም እንደማይጋግሩባት እንደ አይሁድ ሳይሆን፣ ቍርባን እያሳረግንባት፣ ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙንም ማዕድ እየሠራንባት ነው ይላሉ። ስለ ግዝረትም የጳውሎስን ትምህርት እንደሚያውቁ ገልጠው፣ በእኛ ዘንድ ያለው ግዝረት ኢትዮጵያና ኖባ ፊትን እንደሚበጡት፣ ሕንዶችም ጆሮን እንደሚበሱት ያለ የሀገር ልማድ እንጂ የጽድቅ መንገድ አይደለም ሲሉ ይጽፋሉ። የዐሣማን ሥጋ በተመለከተ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ማለታቸው ነው። አንድ ንጉሥ፣ ሀገሩ ከአሕመድ ግራኝ ጦርነት ፍርስራሽ ገና ሳትነሣ፣ የውጭ ሰዎች እምነቱን ሊለውጡ ደጁ ላይ ቆመው ሳሉ፣ ልማዱን ሳይጥል፣ ልማዱንም መዳኛ ሳያደርግ ይህን ያህል አስተውሎ መናገሩ ዛሬም ያስደንቀኛል።

የገላውዴዎስን ትዕግሥት የኋላው ዘመን አልያዘውም። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ትምህርት ተስበው በ1620 የቅዳሜን ሰንበት መከበር በዐዋጅ በከለከሉ ጊዜ፣ የጋይንት ሀገር በሚገኝበት በቤጌምድር ገዥ የነበረው ዮናኤል ዐመፀ። ይህ እንግዲህ ሩቅ ሀገር የተደረገ ታሪክ አይደለም፤ ቅዳሜን አናርስም ብሎ ከንጉሥ ጋር የተጣላው የዚሁ ምድር ሰው ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን የላከችው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጥቶ ንጉሡ በ1626 ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ ካሳወቁ በኋላ ክልከላው እየጠነከረ፣ ግዝረትም፣ የሀገሩ ሥርዐተ ቅዳሴም እየተነካ ሄደ፤ ከጋይንት በስተ ምሥራቅ የላስታ ገበሬ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ሰውም አለቀ። በመጨረሻም በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ የሚል ዐዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ከዚህ ሁሉ ደም የምንማረው ሰንበት በጦር ትጠበቅ የሚል አይደለም። በኅሊና የያዘውን ሥርዐት ሰው በዐዋጅ እንዲጥል ማስገደድ፣ ያልያዘውንም እንዲይዝ ማስገደድ፣ ሁለቱም ሀገር የሚያፈርስ መሆኑን ነው።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው፣ ሕግ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪትና ሕገ ወንጌል ተብሎ በሦስት ወገን እንደሚነገር፣ ኦሪት ጥላ ስትሆን ወንጌል አካል፣ ኦሪት ምሳሌ ስትሆን ወንጌል አማናዊት እንደ ሆነች ከመምህሩ ይሰማል። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ተቀምጠው ከአሕዛብ ወደ ክርስቶስ በሚመለሱት ላይ ግዝረት እንዳይጫን ወስነዋል፤ ያዘዟቸውም ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀ፣ ከዝሙትም እንዲርቁ ነው። በዚህ ላይ ሊቃውንቶቻችን አልተከራከሩም፤ በኦሪት ሥራ ጽድቅ ይገኛል ያለ አባትም የለንም። ነገር ግን ከዚህ ውሳኔ ተነሥቶ ኦሪት በሙሉ እንደ አረጀ ልብስ የተጣለች ናት ማለት ጳውሎስን ራሱን አለማንበብ ነው። እርሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሰባኪን መተዳደሪያ ያስረዳው፣ በኦሪት ዘዳግም ያለችውን፣ የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር የምታዝዘውን ትንሽ ሕግ ጠቅሶ ነበር። የከተማ ሰው ይህን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈልገዋል፤ የስማዳና የእስቴ ሰው ግን በታኅሣሥና በጥር አውድማው ላይ በሬዎቹን ሲያዞር ያየዋል። ጳውሎስ ያችን ሕግ ሲወስዳት ለበሬ ከታዘዘው ርኅራኄ ተነሥቶ ለሰው የሚገባውን አወጣ። ኦሪትን በወንጌል ዐይን ማንበብ ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ከዚህ በታች የምናገረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ግዝረት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በዝምታ ብዙ የተበደለበት ጉዳይ ነውና። ለአብርሃም የተሰጠው ቃል ኪዳን፣ በኦሪት ዘሌዋውያንም የተደገመው ትእዛዝ፣ የሚናገረው ስለ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 6 ቀን የምታከብረው በዓለ ግዝረትም የጌታ ግዝረት ነው። ታዲያ በአካባቢያችን ሴት ሕፃናትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከወንዶቹ ጋር በዚያው በስምንተኛው ቀን፣ የሚገርዙ ሰዎች ሃይማኖታችን ነው ሲሉ ከየትኛው መጽሐፍ አግኝተውት ይሆን? በሙሴ አልተጻፈም፤ በነቢያት አልተነገረም፤ ሐዋርያትም አላዘዙትም። የሀገራችን የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ በ565ኛው አንቀጽ የሴት ልጅን ግርዛት ወንጀል አድርጎታል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆሞ፣ ይህ ኦሪትም ወንጌልም ያላዘዘው በሕፃን አካል ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው ብሎ መናገር ይገባው ነበር፤ አሁንም ይገባዋል። ወንዱን በተመለከተ ግን ገላውዴዎስ ያሉትን ከመድገም በቀር የምጨምረው የለኝም።

በመብል ነገር ረዥም ክርክር አያስፈልግም። ጥንቸልና ዐሣማ አለመብላት ማንንም አልጎዳም፤ መብላትም ማንንም አላጸደቀም።

ወደ ሰንበት ስመለስ ግን ለገዛ ወገኖቼ የምናገረው አለኝ። ኦሪት ዘዳግም ሰንበትን ባዘዘበት ስፍራ ማን ማን እንዲያርፍ በስም ዘርዝሯል፤ ወንድና ሴት ልጅህ፣ ሎሌህና ገረድህ፣ በሬህና አህያህ፣ በደጅህም ያለው መጻተኛ፣ ሁሉም እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው። እስራኤል ራሷ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረች እንድታስብ የታዘዘችውም በዚያው ስፍራ ነው። በእኛ ቤት ቅዳሜ ማን ያርፋል? በሬው ያርፋል፤ አራሹም ያርፋል፤ ከጎረቤቱ ጋር ጽዋውን ይጠጣል። ሚስቱ ግን ከወንዝ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ጠላውን ቀድታ፣ እንግዳውን አስተናግዳ፣ ማታ ጀርባዋን ስታሳርፍ ቀኑ አልቋል። በከተማው ደግሞ ጌታዋና እመቤቷ ቅዳሴ ሲሄዱ ቤት የምትጠብቀው፣ ልብስ የምታጥበው የቤት ሠራተኛ አለች። ገላውዴዎስ በሰንበት ውሃ ይቀዳል፣ እንጀራም ይጋገራል ሲሉ ነጻነታችንን መናገራቸው ነበር፤ ያችን ነጻነት ግን የሴቶቻችን ወገብ እየተሸከማት መሆኑን ያሰብንበት አይመስለኝም። ቅዳሜ ሞፈሩን ያሳረፈ ሰው፣ ዐርብ ማታ እንስራውን ራሱ ተሸክሞ ውሃ ቢያስገባ፣ እንጨቱንም ቢፈልጥ፣ ያን ጊዜ ሰንበትን እንደ ሙሴም እንደ ክርስቶስም አከበራት እለዋለሁ።

አሁን ወደ ተጣለው የኦሪት ክፍል ልግባ፤ ብዕሬን ያስነሣኝም ይኸው ነው። ስለ ቀንና ስለ ሥጋ የሚከራከሩት ሁለቱ ወገኖች፣ በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ከእነዚያው ትእዛዛት አጠገብ የተጻፉትን፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቁና፣ ስለ አራጣ፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ድንበርና ስለ ቃርሚያ የታዘዙትን ሕጎች አንድ ቀን እንኳ ሲያነሡአቸው አልሰማሁም። የድሀ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባበት ይከፈለው ዘንድ ኦሪት ታዝዛለች። ከጋይንትና ከስማዳ የመሬት ጥበትና የዝናም ማጠር ያስወጣው ጎልማሳ ሰሊጥ ሊያርም፣ ሊያጭድም ወደ መተማና ወደ ሑመራ በየዓመቱ ይወርዳል፤ ላቡን አፍስሶ ሂሳቡን ሲጠይቅ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና የሚለው አሠሪ ቅዳሜን ያከበረ፣ ዐርብና ረቡዕንም የጾመ ቢሆን፣ ኦሪትን ጠብቋል ማለት ይቻላልን?

ስለ መያዣ የተጻፈውን እዩ። ኦሪት ወፍጮንና መጅን መያዣ አድርገህ አትውሰድ ትላለች፤ የሰውን ነፍስ እንደ መያዝ ነውና። ይህን ትእዛዝ ለመረዳት የገጠር ቤት ያየ ሰው ሐተታ አያሻውም፤ ወፍጮና መጅ የሌለው ቤት ምን ይበላ ነበር? ዛሬ ወፍጮው ወደ ሞተር ተለውጦ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለ አንድ በሬ ገበሬ ለማዳበሪያና ለዘር የተበደረውን ለመክፈል ያንኑ በሬውን ሲሸጥ፣ ወይም ማሳውን በወለድ አገድ ለባለ ገንዘብ አስይዞ ገንዘቡን እስኪመልስ ድረስ ምርቱን ሌላ ሰው ሲበላበት፣ መጁ ከቤቱ ወጥቷል ማለት ነው። ኦሪት ለተቸገረ ወንድም የተሰጠ ገንዘብ አራጣ እንዳይበላበት በግልጥ ከልክላለች። አራጣ አበዳሪው በሰንበቴ ማኅበር ጽዋ ተሸካሚ፣ በጥምቀት ታቦት አጃቢ ሆኖ ሲታይ፣ ማንም ኦሪትን ሻርክ ብሎ አይወቅሰውም፤ ቅዳሜ ቀን አንድ እግር መሬት ቢያርስ ግን መንደሩ ሁሉ ይቈጣዋል። እንዲህ ያለው ሚዛን የተዛባ ነው። ቁናም እንዲሁ ነው፤ ሲገዙ በትልቁ፣ ሲሸጡ በትንሹ መስፈርን ኦሪት ከርኵሰት ትቈጥረዋለች።

ድንበር መግፋትስ? የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያፈርስ ርጉም እንዲሆን፣ ሕዝቡም ሁሉ አሜን እንዲል በኦሪት ታዝዟል። መሬት በጠበበበት፣ ከገመገሙ ላይ አፈሩ ዓመት በዓመት በጎርፍ እየተጠረገ ወደ ዐባይ ተፋሰስ በሚወርድበት በእኛ ሀገር፣ አንድ ክንድ መሬት ለመግፋት የተጣለ ድንጋይ ስንት የወንድማማች ደም እንዳፈሰሰ፣ ያችም ደም ሌላ ደም እየጠራች ስንት ቤት እንደ ዘጋች፣ ሽማግሌዎቻችን ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ስለ ሰንበት ስብከት ከሚሰጥባቸው ቀናት ጥቂቱ ስለዚህ ድንጋይ ቢሰበክ፣ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፍ ነበር። ምድርም በኦሪት የራሷ ሰንበት አላት፤ ሰባተኛው ዓመት ጦም እንድታድር ታዝዞላት ነበር። ማሳው ለልጆቹ ባልበቃ ገበሬ ላይ ይህን መጫን አይቻልም፤ ቢሆንም ዳገቱን በእርከንና በዛፍ ማሳረፍ ይቻላል፤ የማይታረሰውን ቍልቍለት አለማረስም ይቻላል።

ይህን ስል ታዲያ ስለ ደመወዝና ስለ ቁና የታዘዘው ያጸድቃል፣ ስለ ሰንበት የታዘዘው አያጸድቅም ማለቴ ነውን? አይደለም፤ ክርስቲያን የሚድነው በክርስቶስ ነው። ጌታ ግን ፈሪሳውያንን የወቀሳቸው ከአዝሙድና ከእንስላል ዐሥራት ስላወጡ አይደለም፤ የሕጉን ከባዱን፣ ፍርድንና ምሕረትን ስለ ተዉ ነው፤ ያንንም ሳይተዉ ይህን ሊያደርጉ ይገባ እንደ ነበር ነግሯቸዋል። ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቅዳሜን የሚያከብረውን የጋይንት ገበሬ አይሁዳዊ ብሎ መንቀፍ ዕውቀት ማጣት ነው፤ ቅዳሜን የማያከብረውን ክርስቲያንም አትድንም ማለት ሐዋርያት ያላዘዙትን ቀንበር መጫን ነው። ከኦሪት ለክርስቲያን ሁሉ ሳይሻር የቀረው፣ ወንጌልም አጽንታ የያዘችው፣ ድሀን እንዳንበድል የሚጠብቀን ክፍል ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው እርሱ በመሆኑም ሁለቱም ወገኖች ተጠያቂዎች ናቸው።

በጋይንት ምድር የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚጸናባትም ዙር አምባ አሉ። ከየሀገሩ ወደዚያ የሚጎርፈው ተማሪ፣ በሰንበት የሚዘመረውን ዜማ ሲያጠና፣ የሚኖረው በአካባቢው ገበሬ ቍራሽ ነው። እንግዲህ የዚህን ምድር የሰንበት ዜማ ሳይቋረጥ ያቈየው፣ መሪጌታው ብቻ ሳይሆን ለእንግዳ ተማሪ እንጀራ የቈረሰች እናትም ናት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወገኖቼ፣ ይህን ያህል ኦሪት በእጃችሁ ሳለች፣ በሚመጣው መኸር ጥቂት ብቻ እንድትጨምሩባት እለምናችኋለሁ። ስታጭዱ የማሳውን ዳርና የረሳችሁትን ነዶ ለቃራሚዋ መበለት ተዉላት፤ አብሯችሁ ላጨደው የቀን ሠራተኛ ዐርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሂሳቡን ክፈሉት፤ የቆሎ ተማሪውም በደጃችሁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ባለ ጊዜ፣ ቍራሹን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ውሻውን ያዙለት።